ሊንከን ስንት ጊዜ ተሸነፈ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ታናሽ ወንድሜ በ2013ቱ ምርጫ ለክልል ምክር ቤት በግል ተወዳድሮ አልሆነለትም። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ወሬ ሲነሳ ዝም ይላል። ሰሞኑን ጓደኛው በቴሌግራም አንድ ዝርዝር ላከለት። አብርሃም ሊንከን በ1832 ተሸነፈ፣ በ1838 ተሸነፈ፣ በ1840፣ በ1843፣ በ1848፣ በ1855፣ በ1856፣ በ1858 ተሸነፈ፤ በ1860 ግን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነ ይላል። ወንድሜ ደስ ብሎት አሳትሞ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሸነፍን ሰው ማን ፕሬዚዳንት ያደርገዋል ብዬ ተጠራጠርኩ። ዝርዝሩ እውነት ነው? ሊንከን በክልል ደረጃ ሲወዳደርስ ምን ገጠመው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ያ ዝርዝር የቆየ ነው። ደሴ ላይ ታሪክ በማስተምርበት ዘመን በፎቶ ኮፒ ይዞር ነበር። አሁን በስልክ መጣ። ጥርጣሬሽ ልክ ነው። ከተጻፉት ዓመቶች አንዳንዶቹ ትክክል ናቸው፤ የሚነግሩሽ ታሪክ ግን ትክክል አይደለም። ያሸነፈባቸውን አውጥቶ ጥሎ ሽንፈቱን ብቻ የለቀመ ዝርዝር ነው። የተጣለው ደግሞ አንቺ የጠየቅሽው ክፍል ነው፤ በክልል ምክር ቤት ያሳለፈው ዘመን። እኔን ሁልጊዜ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ሰውየውን ሊንከን ያደረገው እዚያ የሠራው ሥራ ነውና።

ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ። የኛ ሲሆን ዓ.ም. እጨምርበታለሁ።

ሊንከን በ1831 ኢሊኖይ በሚባለው የአሜሪካ ክልል ውስጥ ኒው ሳሌም የምትባል ትንሽ መንደር ገባ። 22 ዓመቱ ነው። ዘመድ የለው፣ መሬት የለው። ትምህርት ቤት የተቀመጠበት ጊዜ በሙሉ ቢደመር አንድ ዓመት አይሞላም። ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራ ጀመር። በዓመቱ፣ ማርች 1832 ላይ፣ ለክልሉ ምክር ቤት እወዳደራለሁ ብሎ በጋዜጣ አወጀ። ያነሳው ጉዳይ የአካባቢው ጉዳይ ነበር። የሳንጋሞን ወንዝ ተጠርጎ ጀልባ ይመላለስበት አለ። አራጣ በሕግ ይገደብ አለ። ትምህርት ለሁሉም ይድረስ አለ።

ወዲያው ብላክ ሆክ በሚባለው የቀደምት ሕዝቦች መሪ ላይ ዘመቻ ታወጀ። ሊንከን ዘመተ። አብረውት የወጡት የመንደሩ ጎረምሶች ሻምበላችን አንተ ነህ ብለው መረጡት። ሲመለስ ምርጫው ደርሷል። ዞሮ ለመቀስቀስ የቀረው ጊዜ በጣም ጥቂት ነበር።

ኦገስት 6 ቀን 1832 ምርጫው ተካሄደ። የምርጫ ክልሉ 4 ወንበር ነበረው፤ 13 ዕጩ ቀረበ። ሊንከን 657 ድምፅ አግኝቶ 8ኛ ወጣ። ተሸነፈ። እስከዚህ ዝርዝሩ ልክ ነው።

ግን የኒው ሳሌምን ውጤት ለብቻው እዪው። እዚያ ድምፅ የሰጠው 300 ሰው ነው። ከነዚህ 277ቱ ሊንከንን መርጠዋል። የሚያውቀው ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉ መረጠው፤ ያልመረጠው የማያውቀው የሩቅ መንደር ሰው ነው። ወንድምሽ ግድግዳው ላይ የሚለጥፈው ነገር ከፈለገ ይህን ቁጥር ይለጥፍ።

ይህ ቁጥር ለምን እንደሚደንቀኝ ልንገርሽ። ያኔ ኢሊኖይ ውስጥ ምስጢራዊ ድምፅ የለም። መራጩ ጸሐፊው ፊት ይቆምና የሚመርጠውን ሰው ስም ጮክ ብሎ ይናገራል። ጸሐፊው መዝገብ ላይ ያሰፍራል። እኛ እድር ላይ ዳኛ ስንመርጥ እጃችንን እንደምናወጣው ነው፤ ማን ማንን እንደመረጠ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። መምረጥ የሚችሉትም ዕድሜያቸው 21 የሞላ ነጭ ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሴቶችና ጥቁሮች ከመዝገቡ ውጪ ናቸው። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ 277 ሰው አደባባይ ቆሞ፣ መንደሯ ውስጥ ገና ዓመት ያለፈውን ምስኪን ልጅ ስም ጠራ።

ቀጥሎ ያለው ጊዜ ከባድ ነው። ከሸሪኩ ጋር የከፈተው ሱቅ ከሰረ። ሸሪኩ ሞተ፤ ዕዳው ሁሉ ሊንከን ላይ ወደቀ። ፈረሱና የቅየሳ ዕቃው በሐራጅ ተሸጡ። አንድ ወዳጁ ገዝቶ መለሰለት። ዕዳውን ከፍሎ የጨረሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በ1833 የመንደሩ ፖስታ ቤት ኃላፊ ሆነ። ደብዳቤ ባርኔጣው ውስጥ ከትቶ እየዞረ ለባለቤቱ ያደርስ ነበር። ቅየሳ ከመጽሐፍ ተምሮ በየገበሬው መሬት ወሰን አካለለ። በ1832 ያልደረሰባቸው መንደሮች ሁሉ በዚህ ሥራ ደረሰባቸው። የሰው ደጅ ረገጠ፣ የሰው ችግር ሰማ፣ ያልተማረውን ደብዳቤውን አነበበለት።

በ1834 እንደገና ተወዳደረ። አሁንም 13 ዕጩ፣ 4 ወንበር። 1,376 ድምፅ አግኝቶ 2ኛ ወጣ። ገባ። በ1836 በምርጫ ክልሉ አንደኛ ወጣ። በ1838 አሸነፈ። በ1840ም አሸነፈ፤ ያኔ ግን ከተመረጡት የመጨረሻው ነበር። በተከታታይ 4 ጊዜ ማለት ነው። የምክር ቤቱ ዘመን 2 ዓመት ስለሆነ እንደኛ በየ5 ዓመቱ ሳይሆን በየ2 ዓመቱ ሕዝብ ፊት መቅረብ ነበረበት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንመለስ። የ1838 ሽንፈት የሚሉት ለአፈ ጉባኤነት ተወዳድሮ ያጣውን ነው። በዚያው ዓመት ሕዝቡ መርጦታል፤ አፈ ጉባኤነቱን የከለከሉት የምክር ቤቱ አባላት ናቸው። ሊንከን የዊግ ፓርቲ ሰው ነበር፤ ወንበሩ ለተቃራኒው ፓርቲ ዕጩ፣ ለዲሞክራቱ ሄደ። የ1840ው የፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩ ኢሊኖይ ላይ ስለተሸነፈ የመጣ ነው። እሱ ራሱ በዚያ ዓመት የምክር ቤት ወንበሩን አሸንፏል። የ1843ቱ የፓርቲው የውስጥ ዕጩነት ነው፤ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠበትም። 1848 ደግሞ ጭራሽ የለም። ያኔ ለፌዴራሉ ኮንግረስ አልተወዳደረም። የፓርቲው ሰዎች ወንበሩን በተራ ለመያዝ ተስማምተው ነበር።

1855 እና 1858 የሴኔት ናቸው። በዚያ ዘመን የአሜሪካን ሴናተር የሚመርጠው የክልሉ ምክር ቤት ነው። በ1855 በመጀመሪያው ዙር ከሁሉም በላይ ድምፅ የያዘው ሊንከን ነበር። ድምፁ ከዚያ አላድግ አለ፤ በባርነት መስፋፋት ጉዳይ ተቃራኒው የሆነ ሰው ሊገባ ሆነ። ይህን ሲያይ ደጋፊዎቹን ለላይማን ትራምቡል ስጡ አላቸው። ትራምቡል ሲጀመር 5 ድምፅ ብቻ የነበረው ሰው ነው። በ51 ድምፅ ሴናተር ሆነ። እኔ ይህን ሽንፈት ብዬ አልጠራውም። ዓላማውን አስቀድሞ ወንበሩን ለሌላ ሰው ለቀቀ። በ1858 ከዲሞክራቱ ዕጩ ከስቲቨን ዳግላስ ጋር 7 ቦታ ላይ ተከራክሮ ምክር ቤቱ 54 ለ46 ዳግላስን መረጠ። በሕዝቡ ድምፅ ግን የሊንከን ፓርቲ ዕጩዎች ይበልጡ ነበር። የወንበሩ ድልድል ነው ያልረዳቸው። 1856ን ተዪው። እሱ በሌለበት ጉባኤ ላይ ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ስሙን አንስተው 110 ድምፅ ሰጡት። ዕድለኛ ነው ቢባል ይሻላል።

ሊንከን ራሱ በ1859 ስለ ሕይወቱ በጻፈው አጭር ማስታወሻ፣ በሕዝብ ድምፅ የተሸነፈው በ1832 ብቻ እንደሆነ ተናግሯል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እህቴ። ለምክር ቤቱ በ1854 ጭምር 5 ጊዜ፣ ለኮንግረስ በ1846፣ ለፕሬዚዳንትነት በ1860 እና በ1864 ተመርጧል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለምወደው ነው። በ1832 ሊንከንን ቀድመው ከገቡት 4 ሰዎች አንዱ ፒተር ካርትራይት የሚባል የታወቀ ሰባኪ ነበር። በ1846 ለኮንግረስ የገጠመው ይኸው ካርትራይት ነው። ሊንከን 6,340፣ ካርትራይት 4,829።

ለወንድምሽ ከኔ ይህን ንገሪልኝ። አብሽር በይው። የተሸነፈ ሁሉ ሊንከን ይሆናል ብዬ ግን አልዋሸውም። ዝርዝሩ ክፉ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ መሸነፍ ብቻውን የሚያደርስ ያስመስላል። ይልቅ በ2013 ዓ.ም. በየምርጫ ጣቢያው የተለጠፈውን ውጤት ጽፎ ይዞ ከሆነ ያውጣው። የት ቀበሌ ብዙ አገኘ? የት ቀበሌ ምንም አላገኘም? ያደገበት ሰፈር መርጦት ከሆነ፣ እንግዲህ የቀረው ያልደረሰበትን መንደር መድረስ ነው። ለሚቀጥለው ምርጫ ቅስቀሳ እስኪታወጅ አይጠብቅ። የገዛ ሰፈሩ ካልመረጠው ደግሞ ጥያቄው ሌላ ነው፤ እሱን ከጎረቤቶቹ ጋር ቡና ላይ ተቀምጦ ይጠይቅ፣ ሳይቆጣም ይስማ።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ከሐይቅ)፦ ጋሽዬ፣ ሊንከን በክልሉ ምክር ቤት እያለ ምን ሠራ? ባሪያዎችን ነፃ ያወጣው ያኔ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ አይደለም። የነፃነት አዋጁን ያወጣው ፕሬዚዳንት ሆኖ፣ በእርስ በርስ ጦርነቱ መካከል፣ በጃንዋሪ 1863 ነው። በምክር ቤቱ ግን አንድ ነገር አድርጓል፤ እሱን ያዝ።

በ1837 የኢሊኖይ ምክር ቤት ባርነት ይቅር የሚሉትን ማኅበራት የሚያወግዝ ውሳኔ አሳለፈ። ድምፁ 77 ለ6 ነበር። ሊንከን ከ6ቱ አንዱ ነው። ማርች 3 ላይ ዳን ስቶን ከተባለ ባልደረባው ጋር ተቃውሞውን በጽሑፍ አስመዘገበ። ባርነት የተመሠረተው በግፍና በመጥፎ ፖሊሲ ላይ ነው አሉ። ሙሉውን ማወቅ አለብህና ይህንም እነግርሃለሁ፤ በዚያው ጽሑፍ የማኅበራቱ ቅስቀሳ ክፋቱን ያብሰዋል ብለዋል። ሊንከን ያኔ 28 ዓመቱ ነው፤ ሐሳቡ ገና ብዙ መንገድ ይቀረዋል። ቢሆንም ከ77 ሰው ተቃራኒ ቆሞ ስሙን መዝገብ ላይ ማስፈር ቀላል አይደለም። የምርጫ ክልሉ ሰዎች አብዛኞቹ ከደቡብ የመጡ ነበሩ። ድምፅ የሚያሳጣው እንጂ የሚጨምርለት ነገር አልነበረም።

ከዚያ በፊት በ1836 ቅስቀሳው ላይም ግብር የሚከፍሉ ወይም መሣሪያ የሚሸከሙ ነጮች ሁሉ ይምረጡ፣ ሴቶችም አይቅሩ ብሎ ጽፎ ነበር። ነጮች ማለቱን አስተውል። ሴቶችን ማንሳቱንም አስተውል።

ትልቁ ድሉ የዋና ከተማው ጉዳይ ነው። የኢሊኖይ መቀመጫ ቫንዳሊያ ነበረች። የሊንከን ምርጫ ክልል ከሆነው ከሳንጋሞን የተመረጡት 9 ሰዎች፣ 7 ከታችኛው ምክር ቤት 2 ከላይኛው፣ ወደ ስፕሪንግፊልድ ትዛወር አሉ። ሁሉም ረጃጅም ስለነበሩ ረጃጅሞቹ ዘጠኝ ተባሉ። በፌብሩዋሪ 1837 ተሳካላቸው። ደሴ ስንት ዘመን የጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆና እንደኖረች አያቶችህን ብትጠይቅ፣ ዋና ከተማ መሆን ለአንድ ከተማ ምን እንደሚያመጣ፣ መቅረቱም ምን እንደሚወስድ ይነግሩሃል። ተቀናቃኞቻቸው ድምፁን የገዛችሁት ለየአካባቢው የባቡርና የቦይ ፕሮጀክት እየደገፋችሁ ነው ብለው ከሰሷቸው።

እዚህ ላይ ሊንከንን አላመሰግነውም። ምክር ቤቱ በ1837 የ10 ሚሊዮን ዶላር የባቡር፣ የቦይና የመንገድ ዕቅድ አጸደቀ። ሊንከን ዋና ደጋፊ ነበር። ክልሉ ያን ያህል አቅም አልነበረውም። በዚያው ዓመት አገሪቱን የገንዘብ ቀውስ መታት። ሥራው ቆመ፣ ዕዳው ቀረ፣ ኢሊኖይ ወለዱን እንኳ መክፈል አቃታት። እሱ ግን ዕቅዱን ለመተው ረጅም ጊዜ እምቢ አለ። ኮምቦልቻ ላይ ሐዲድ እያየ ባቡር የሚጠብቅ የወሎ ሰው ያን ዘመን ለመገመት አይቸግረውም። መንገድ ይሠራልን ማለት ትክክል ነው። ገንዘቡ ከየት ይመጣል ብሎ መጠየቅ ደግሞ የተመራጩ ሥራ ነው። ያኔ ያን አልጠየቀም።

በመስኮት ዘለለ የሚባለውም እውነት ነው። ዲሴምበር 1840 ላይ ዲሞክራቶች የክልሉን ባንክ የሚጎዳ ውሳኔ ሊያሳልፉ ምልዓተ ጉባኤ ያስፈልጋቸው ነበር። ዊጎች ከአዳራሹ ቀሩ። ሊንከንና ሁለት ጓደኞቹ ሁኔታውን ለማየት ውስጥ ተቀምጠው ሳሉ ቁጥሩ ሞላ፤ በሩ ተዘጋ። በመስኮት ዘለው ወጡ። አልጠቀመም፣ አስቀድመው ተቆጥረው ነበር። ጋዜጦች ለብዙ ጊዜ ተሳለቁበት፣ እሱም ሲነሳበት አይወድም ነበር።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ መምህር፣ ሊንከን በምክር ቤት በነበረበት ዘመን እኛ ጋ ማን ነበር የሚገዛው?

መልስ፦ የናንተው አገር ሰው ነዋ! ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ሊንከን ኒው ሳሌም በገባበት በ1831 የየጁው ዳግማዊ ራስ አሊ ገና ልጅ ሆነው የራስነቱን ሥልጣን ያዙ። መቀመጫቸው ደብረ ታቦር ነበር። እናታቸው እቴጌ መነን ሊበን የወሎ ባላባት ልጅ ናቸው። ሊንከን 4 ጊዜ ሲመረጥ፣ ከምክር ቤት ሲወጣ፣ ኮንግረስ ገብቶ ሲመለስ ራስ አሊ በሥልጣን ላይ ናቸው። በ1853 አይሻል ላይ ካሳ ኃይሉ አሸነፏቸው።

ካሳ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት በፌብሩዋሪ 1855 ነው። ሊንከን ሴናተርነቱን ለትራምቡል የለቀቀው በዚያው ወር ነው። ቴዎድሮስ በዚያው ዓመት ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ። ሊንከን በኤፕሪል 1865 ተገደለ፤ ቴዎድሮስ በኤፕሪል 1868 መቅደላ ላይ ሞቱ። ተማሪዎቼን ዓመት ሳስጠና ሁለቱን ጎን ለጎን አጽፋቸው ነበር፤ እንዲህ የተማሩት አይረሱትም።

በኛ አገር ሕዝብ ለፓርላማ ድምፅ የሰጠው ከዚያ በጣም ዘግይቶ፣ በ1950 ዓ.ም. ነው። ፓርቲ አልነበረም፤ ሰው በግሉ ነበር የሚወዳደረው። በዚያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሸዋበር)፦ ጋሼ፣ በ1854 ለምክር ቤት ተመርጦ ሳይገባ ቀረ ሲባል ሰምቻለሁ። ሕዝብ መርጦት እንዴት ይተዋል? ደመወዙስ ስንት ነበር?

መልስ፦ ትክክል ሰምተሃል። የክልሉ ሕግ ተቀምጦ ያለ የምክር ቤት አባል ሴናተር ሆኖ እንዲመረጥ አይፈቅድም ነበር። ሊንከን ሴኔቱን ስለፈለገ የሕዝቡን ወንበር አልቀበልም አለ። ማሟያ ምርጫ ሲደረግ ወንበሩን የተቃራኒው ፓርቲ ሰው ወሰደው። የመረጡት ሰዎች ቢከፋቸው አልፈርድባቸውም። ድምፅ የሰጡት ለምክር ቤት እንጂ ለሴኔት መሸጋገሪያ ብለው አይደለም።

ደመወዝን በተመለከተ፣ በ1834 አባላት በቀን 3 ዶላር ያገኙ ነበር፤ እሱም ጉባኤ በሚቀመጥበት ጊዜ ብቻ። ሊንከን መጀመሪያ ሲመረጥ ቫንዳሊያ የሚሄድበት ልብስ እንኳ አልነበረውም። ከአንድ ሀብታም ገበሬ 200 ዶላር ተበደረ። ከዚያ ላይ 60 ዶላሩን አውጥቶ ሙሉ ልብስ አሰፋ። ጉባኤው ሲበተን ወደ ቅየሳውና ወደ ፖስታው ተመለሰ፤ ማታ ማታ ሕግ ያነብ ጀመር። በ1836 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። በ1837 ወደ ስፕሪንግፊልድ ሲዛወር የሚተዳደረው በጥብቅናው ነበር።